የቤት ውስጥ አረቄ ማውጫና የአደጋው ምንጭ



ፈሳሽን አትንኖ መልሶ ስለማቀዝቀዝ በተነሣ ቁጥር የመሐንዲስ ሐሳብ ወደ ነዳጅ ማጣሪያና ወደ አልኮል ፋብሪካ ይሄዳል። በአገራችን ግን ይኸው ሥራ በብዛት የሚከናወነው በማድ ቤት ውስጥ፣ በሴቶች እጅ ነው። ከጎንደር በስተደቡብ፣ በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በፀዳና በአካባቢዋም ያለው ሥርዓት የታወቀ ነው። ዳጉሳው ወይም ሌላው እህል ከብቅልና ከጌሾ ጋር ተደፍድፎ ይሰነብታል፤ ከዚያም ወደ ማሰሮ ተገልብጦ እሳት ይነድድበታል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። መጀመሪያ የሚወርደው ተራ አረቄ ነው፤ ተመልሶ ሲወጣ ዳግም ይባላል፤ የዳግሙም የአልኮል መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 40 እጅ ያልፋል።

ይህን መሣሪያ በንቀት የሚመለከት መሐንዲስ አንድ ነገር ያመልጠዋል። በማሰሮው አፍና በመቃው ዙሪያ የሚለጠፈው ምርጊት፣ ጭቃም ይሁን ሊጥ፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ ብቻ የሚደረግ ይመስላል። በእርግጥ ግን የደኅንነት ቫልቭም ነው። ድፍድፉ ገንፍሎ መቃውን ሲደፍነው በመጀመሪያ የሚሸነፈው ምርጊቱ ስለሆነ፣ ግፊቱ እየፏጨ ይወጣል፤ ባለሙያዋም ሰምታ እሳቱን ትጎትታለች። ሸክላው በብረት በርሜል፣ ምርጊቱ በብሎን በተጠበቀ ክዳን ሲተካ ግን ይህ ጥበቃ ይጠፋል። የ30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክዳን ግማሽ አትሞስፌር ተጨማሪ ግፊት ብቻ ቢያርፍበት፣ ከ350 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ክብደት ከውስጥ ወደ ላይ እንደሚገፋው ሊታሰብ ይገባል። ስለዚህ በርሜል የሚጠቀም ሰው ክዳኑን በብሎን ማሰር የለበትም፤ በራሱ ክብደትና በሊጥ ብቻ ይቀመጥ። ዕቃው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላ። ቱቦው ሰፊና ሳይጎብጥ ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን፤ ጫፉም ከተጠራቀመው አረቄ በላይ ይቆይ። ጫፉ ከጠለቀ፣ እሳቱ ሲጠፋ ማሰሮው ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቅዞ ፈሳሹን ወደ ኋላ ይስበዋልና።

ከግፊት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የውሃ ጉዳይ ነው። ከመቶ 45 እጅ አልኮል ያለበትን አንድ ሊትር አረቄ ከእንፋሎትነት ወደ ፈሳሽነት ለመመለስ፣ በ20 ዲግሪ ገብቶ በ45 ዲግሪ የሚለወጥ 16 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው በጀርባ የሚመጣ ሲሆን ቁጠባው የት ላይ እንደሚያርፍ ግልጽ ነው፤ የሞቀው ውሃ ሳይለወጥ ይቆያል። ያን ጊዜ እንፋሎቱ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቤቱ ይወጣል። የአልኮል እንፋሎት ከአየር 1.6 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሳባል፤ በአየሩ ውስጥ ከመቶ 3.3 እጅ ሲደርስም እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። እሳቱ ደግሞ ከማሰሮው ሥር ነው፤ ሩቅ አይደለም። ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለበት ፈሳሽም ቢሆን 26 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ እሳት የሚይዝ እንፋሎት ይሰጣል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያና ለማጠራቀሚያው ዕቃ ልክ የሆነ መክደኛ ከመጀመሪያው በአጠገብ ይቀመጡ።

ከውጭ ለሚመጡት ትናንሽ የኤሌክትሪክ ማውጫዎች አንድ ቃል ማከል ይገባል። በመመሪያቸው የተጻፈው 78 ዲግሪ የአልኮል መፍያ ለባሕር ጠለል ነው፤ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ አልኮል በ72፣ ውሃም በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። ቴርሞሜትሩን አምኖ 78 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ማቀዝቀዣውን ሳያዘጋጅ እንፋሎቱ ሊቀድመው ይችላል።

ስለ መርዛማነቱ በሕዝቡ ዘንድ ሁለት መፈተኛዎች ይታመናሉ፤ የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋትና አረቄውን ለኩሶ ሰማያዊ ነበልባል ማየት። የመጀመሪያውን መድፋት መልካም ልማድ ነው፤ ቀድሞ የሚተንነውን አሴታልዴሃይድን ይቀንሳል። ሜታኖል ግን ከውሃና ከአልኮል ጋር ተቀላቅሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይወርዳልና በመድፋት ብቻ አይወገድም። ነበልባሉም ብርታትን እንጂ ንጽሕናን አይናገርም፤ ሜታኖልም በሰማያዊ ይነድዳል። በአንጻሩ ከእህል ድፍድፍ የሚገኘው ሜታኖል በመጠኑ አነስተኛ ነው። ታላላቆቹ እልቂቶች የደረሱት በኢንዱስትሪ ሜታኖል በተበረዘ መጠጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ ከ40 በላይ ሰዎች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ባለሙያዋ ልትጠነቀቅበት የሚገባው ከድፍድፏ ይልቅ ከነጋዴ የሚቀርብላት «ማጠንከሪያ» ነው። ፀረ ተባይ የነበረበት በርሜልና በእርሳስ የተበየደ ቱቦም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ በተለይ አረቄው የሚወርድበት የቱቦ ክፍል እርሳስ ካለበት ወደ መጠጡ ይገባል።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ እሳቱንና ማጠራቀሚያውን በግድግዳ መለየት ነው። ምድጃው በአንድ ወገን፣ ውሃውና አረቄው በሌላው ወገን ሆነው፣ መቃው በግድግዳው ቀዳዳ ቢያልፍና ዙሪያው ቢመረግ ያመለጠ እንፋሎት ከእሳት ጋር አይገናኝም፤ በማጠራቀሚያው ወገን የሚሠራውም ሰው ከጭሱ ይርቃል። በገዛ ቤቷ ለምትሠራ ሴት ይህ የአንድ ቀን የጭቃ ሥራ ነው። ልጆቿ በሚተኙበት አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ለምታወጣዋ ግን ግድግዳ መብሳት አይፈቀድላትም፤ ለእርስዋ የሚስማማ፣ ከደጅ የሚቆምና ከዝናብ የሚከለል ምድጃ መንደፍ ለሙያው የቀረ ሥራ ነው።