ለቢቸናና ለሞጣ እኅቶቻችን



ዛሬ የምናገረው ስለ ወር አበባ ነው፤ የሚያፍር ካለ አሁኑኑ አፍሮ ይጨርስ። ከገጠር ስንቋን አዝላ መጥታ፥ ቢቸና ወይም ሞጣ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጃገረድ የሞዴስ መግዣ ከየት ታመጣለች? አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ትታጠቃለች፤ ቀሚሷን እንዳይነካው ስትሰጋም ከክፍል ትቀራለች።

ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ እየታጠበ እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል መጠበቂያ መቀሌ ላይ አሠርተው፥ በ2012 ዓ.ም. የሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ተብለዋል። እኛም የምንሰበስበው የሚታጠበውን ይሁን፤ የሚጣለው በወሩ ያልቃል። ነገር ግን የሚታጠበው ውሃ፥ ሳሙናና ፀሐይ ይሻል፤ አፍራ ከአልጋ ሥር ብታሰጣው እርጥቡ ያሳክካታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥቅል ጋር ሳሙና ይጨመር። ወንዶችም እኩል እናዋጣለን። ሳጥኑ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነው።