ወሬውን ከማን ሰማኸው?

የዛሬው ርዕሳችን በየኪሳችን ባለው ስልክ በኩል ስለሚመጣልን ወሬ ነው።

ይፋግ ጥንት ትልቅ የገበያ ስፍራ ነበረች። የደሪጣና የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች የሚገናኙባት፣ ጨውና ከብት የሚለወጥባት አገር ናት። በዚያ ዘመን የማሪያ ቴሬዛ ብር የሚቀበል ነጋዴ ሳንቲሙን አገላብጦ፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አይቶ ነበር የሚቀበለው። አሞሌውም ከተሸራረፈ ዋጋው ይወርድ ነበር። የእነዚያ ነጋዴዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ምን እያደረግን ነው? የሰው ደም የሚያስፈስ ወሬ ከማናውቀው ሰው ይደርሰናል፤ አንዴ እንኳ ሳናገላብጥ ለሃያ ሰው እናስተላልፋለን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሕዝብ ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት አዞናል። ዑለሞቻችንም ለሐዲስ ጥበቃ ትልቅ ዕውቀት አቁመዋል። ተናጋሪው ማን ነው? ከማን ሰማ? ሁለቱ በእርግጥ ተገናኝተዋል? ማስታወሱስ እንዴት ነው? ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህ ሰንሰለት ኢስናድ ይባላል። በመድረሳ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ቃሉን በኪታብ ላይ ትተን ስልካችንን ስንከፍት እንረሳዋለን። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «የሚዲያ ዕውቀት» እየተባለ የሚነገረው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ወደሙ። ከዚያ በፊት በከተማዋ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሳ የሚል ወሬ ተሰራጭቶ ነበር። እሳት ተነሳ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ማን ለኮሰው ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሰውን የሚያነሳሳው ብዙ ጊዜ በመሃል የሚጨመረው ሁለተኛው ነው። ፍትሕ ይሁንና የራሳችንንም እንናገር። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም በጎንደር በቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ወሬው በስልክ አገር ካዳረሰ በኋላ በቀናት ውስጥ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር ለተሠራው ምን ድርሻ ነበረው?

እንግዲህ እንዴት እናጣራ? አልሐምዱሊላህ፣ መሣሪያው እዚያው ስልክ ላይ አለ። «ኢትዮጵያ ቼክ» እና «ሐቅቼክ» የሚባሉ የመረጃ አጣሪ ቡድኖች አሉ። በሰው ዘንድ የተሰራጨን ምስልና ወሬ መርምረው ውጤቱን በአማርኛ ያወጣሉ። ከውጤቱ ይልቅ የሚጠቅመን መንገዱ ነው፤ ምስሉን እንዴት እንደመረመሩ ደረጃ በደረጃ ይጽፋሉና ልጆቻችን ያንን እያነበቡ ሥራውን ይማሩ። «ጉግል ሌንስ» ደግሞ አንድን ፎቶ ስታስገቡለት ከዚህ በፊት የት የት እንደወጣ ይፈልጋል። እንበል በክረምት ርብ ሞልቶ ፎገራን አጥለቀለቀ የሚል ፎቶ መጣላችሁ። ጎርፉ በየጊዜው የሚደርስ ስለሆነ ሰው ቶሎ ያምናል። ፎቶው ግን ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሳ ሊሆን ይችላል። ፍለጋው ምንም ካላመጣ ፎቶው እውነት ነው ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። የተቀነባበረ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ምስልማ ዛሬ በማንም እጅ ይሠራል፤ የምታውቁት ሸይኽ ድምፅ ስለሆነ ብቻ ቃሉ የእርሱ ነው አትበሉ።

ዋትስአፕም ራሱ ይረዳናል። ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት ላይ ድርብ ቀስት ያደርግበታል። ያንን ስታዩ የላከላችሁ ወዳጃችሁ ጸሐፊው አይደለም ማለት ነው፤ የሰንሰለቱ መጀመሪያ ጠፍቷል። «ይህን ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ» እያለ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም የሚዞረውን መልእክት ደግሞ ተጠንቀቁ። በእርሳቸው ላይ መዋሸት ከሌላ ውሸት ጋር አይወዳደርም። አረብኛ የሚያነብ ሰው «አድ-ዱረሩ አስ-ሰኒያ» በሚባለው ድረ ገጽ የሐዲሱን ቃል ጽፎ መፈለግና የሐዲስ ሊቃውንት ምን ብለው እንደፈረዱበት ማየት ይችላል። የማያነብ የሰፈሩን ኢማም ይጠይቅ። ለረመዳንና ለዒድ ጨረቃ ታየ የሚለውንም ከእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት መግለጫ ስሙ እንጂ ከዘመድ ቴሌግራም አትጹሙ፣ አታፍጥሩም።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ማሰራጨት ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። እኔ ግን ከሕጉ ይልቅ በቂያማ ቀን የሚጠየቁትን እፈራለሁ።

ኢንተርኔት ከሌለስ? በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ወሬ በዚያ ምክንያት አላቆመም፤ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በገበያ ሲመላለስ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ስልክም ለሌላት እናት ይሠራል። በዑመል ሙእሚኒን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተነዛው ውሸት ወር ያህል መዲናን ያመሰው ያለ ምንም ስልክ ነበር። ወሬውን ተቀብለው በአንደበታቸው ያዞሩት ውስጥ ሙእሚኖችም ነበሩ።

በየቤታችሁ ከመግሪብ በኋላ አንድ ልጅ የዕለቱን አንድ ወሬ ያንብብ። ወላጅ «ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ እስከ ሁለተኛው ሰው መልስ ካጣ ወሬው ከዚያ ቤት አይውጣ። ስለ ገንዘብ መሰብሰቢያ የሐሰት ጥሪዎች፣ ኢንሻአላህ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት እንመለሳለን።