የፖስታ ሰርቨሮች ሳይግባቡ ሲቀሩ



የኤሌክትሮኒክ ፖስታ መላኪያ ደንብ በ1982 እ.ኤ.አ. በጆን ፖስተል ሲጻፍ የላኪውን ማንነት የሚጠይቅ በር ጠባቂ አልነበረውም፤ ማረጋገጫው የተጨመረለት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አንዱ ሰርቨር ሌላውን «አልቀበልም» ሲለው ብዙ ባለሙያ የይለፍ ቃሉን ወደ መለወጥ ይሮጣል። ዳሩ ግን ምክንያቱ በቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል። 530 «አስቀድመህ ማንነትህን አስታውቅ» ማለት ነው፤ 535 የቀረበው ስም ወይም የይለፍ ቃል ተቀባይነት ማጣቱን ይገልጻል፤ በማረጋገጫው ጊዜ የሚመጣ 454 ግን የተቀባዩን ሰርቨር ጊዜያዊ እክል ያመለክታል።

በ454 ምክንያት ደኅናውን ቃል የለወጠ ባለሙያ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ ይጨምራል፤ እክሉ ከተወገደም በኋላ የቀድሞውን ቃል የያዙት መሣሪያዎች ሁሉ 535 እየተባሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ አስቀድሞ መዝገቡ ይነበብ፤ እጅ ከዚያ በኋላ ይዘርጋ።