አባሪው ፋይል አልወርድ ሲል

የምትጠብቁት ቅጽ በኢሜይል ደርሷል፤ የማውረጃውን ምልክት ብትጫኑ ብትጫኑ ግን ምንም የለም። ብዙዎቻችን ወዲያው ኔትወርኩን እንወቅሳለን። እስቲ አስቀድመን ፋይሉ በእርግጥ አለመውረዱን እናረጋግጥ።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ክሮምን ከፍታችሁ «ኮንትሮል»ንና «ጄ»ን አንድ ላይ ተጫኑ። የወረዱት ፋይሎች ዝርዝር ይመጣል። አልወረደም ያላችሁት ቅጽ በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ እዚያው ተደርድሮ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ በተጫናችሁ ቁጥር ሲወርድ ነበር ማለት ነው። በዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ የስሙ መጨረሻ ላይ «ሲአርዳውንሎድ» የሚል ጭራ ካለው ግን ገና አላለቀም፤ ወይ እየወረደ ነው፣ ወይ መሃል ላይ ተቋርጧል።

ዝርዝሩ ባዶ ነው? እንግዲያው «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኤን»ን ተጭናችሁ የኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱ፤ ኢሜይላችሁንም እዚያ ክፈቱ። ከወረደላችሁ ችግሩ ኢሜይሉ ጋ አይደለም፤ ብራውዘሩ ጋ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤክስቴንሽኖችን ነው፤ በተለይ ማስታወቂያ የሚያግዱትን። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ካሹንና ኩኪዎቹን አጽዱ፤ የይለፍ ቃላችሁን ግን አስቀድማችሁ አስታውሱ፣ ከየገጹ ያስወጣችኋልና።

ብራውዘሩ «ፋይሉ አደገኛ ነው» ካለ አታስገድዱት፤ ላኪውን ደውላችሁ ጠይቁ።

ኢንተርኔት ቤት ለምትጠቀሙ ደግሞ አደራ፦ ኢንኮግኒቶን ስትዘጉት የወረደው ፋይል አብሮ አይጠፋም። ፓስፖርታችሁም ሆነ የባንክ ሰነዳችሁ ለቀጣዩ ተጠቃሚ እንዳይቀር፣ ከዳውንሎድስ ፎልደርም ከሪሳይክል ቢንም ራሳችሁ አጥፉት።