የጎረቤት ሐቅና ሞባይላችን



በጀጎል ጠባብ መንገዶች ትከሻ ለትከሻ ስለምንተላለፍ ሰላምታ መነፋፈግ አይቻለንም። ዛሬ ብዙው ሰላምታችን በሞባይል ሆኗል። ይህን አንነቅፍም። የአፎቻ አባላት መርዶውን በስልክ ሲሰሙ ለጀናዛው ፈጥነው ይደርሳሉ፤ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም ዝምድናቸውን የሚቀጥሉት በዚሁ ነው።

ነቢዩ ﷺ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ 5 ቆጥረዋል፦ ሰላምታ መመለስ፣ የታመመን መጠየቅ፣ ጀናዛ መሸኘት፣ ጥሪ ማክበር፣ አስነጥሶ አላህን ላመሰገነ ዱዓ ማድረግ። ሰላምታው በስልክ ይመለሳል፤ ጀናዛ ግን በስልክ አይሸኝም።

እኛም ጥፋት አለብን። ከቤታችን ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ እናት ታመው በየጠዋቱ እየደወልን «እንዴት አደሩ?» እንል ነበር። በሳምንቱ ደጃፋቸውን ስናንኳኳ፣ «ልጆቼ፣ እግራችሁን አሟችሁ ነበር?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ከዚያ ወዲህ የምንደውልላቸው «መጣን» ለማለት ነው።