ስፖርቱ ይቀጥል፣ እልኹ ይቅር
(የማኅበራችን ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ጠዋት ጠዋት በሜዳው ላይ ስለምንሠራው ቴኳንዶ ነው። እኔ ከተጎዳሁ ወዲህ «አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ይህን ነገር ይተው» የሚል ሐሳብ ከእናቶች ቀርቧል። ከፍቅር የመጣ ሐሳብ ስለሆነ አላጣጥለውም። እኔ ግን ስፖርቱን ሳንተው አሠራሩን እንለውጥ ባይ ነኝ።

ከራሴ ልጀምር። ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። በወጣትነቴ ሚዛን ተፈሪ ሳለሁ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ትቼው ነበር። ባለፈው ጥቅምት ልጆቹ ሲዘሉ አየሁና እልህ ያዘኝ። ሰውነቴን ሳላሟሙቅ ዘልዬ በእግሬ ልማታ ስነሣ፣ አንድ ሰው ከኋላ ተረከዜን በድንጋይ የመታኝ መሰለኝ። ዞር ብል ማንም የለም። ለካ የተረከዜ ጅማት ተበጥሷል! ሁለት ወር በጀሶ ተቀመጥኩ። ቡናዬን በደቦ የለቀማችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሐኪም ያስረዳኝን ነው የምነግራችሁ። ዕድሜ ሲገፋ ጅማት እንደ ድሮው አይለጠጥም፣ ጡንቻም እየቀነሰ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚበዛው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ፣ ሲቀመጡ ከርመው አንድ ቀን በሚዘሉ ወንዶች ላይ ነው።

ቢሆንም ጭራሽ መተውም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። 65 ዓመት የሞላው ደግሞ እንዳይወድቅ፣ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይጨምር ይላል።

ጎረቤቶቻችንን ሱሪዎችን ተመልከቱ። በዶንጋ ጊዜ በዱላ የሚገጥሙት ጎረምሶቹ ናቸው፤ ትልልቆቹ ዳኛ ሆነው መሐል ይቆማሉ። ቦታቸው ተለወጠ እንጂ ከሜዳው አልወጡም። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

ስለዚህ ለአርባ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆንነው የሚከተለውን አቀርባለሁ፦

አንደኛ፣ ከመጀመራችን በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እናሟሙቅ። በተለይ በብርድና በጭጋግ ጠዋት ይህ አይዘለል።

ሁለተኛ፣ ዝላይ ይቅር፤ እግር ከወገብ በላይ አይነሣ። ለብቻ የሚሠራውን ስልት በዝግታ እንሥራ፤ ሚዛንን የሚያጠነክረው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ራስ ላይ መማታት ፈጽሞ ይከልከል። በዕድሜ የገፋ ሰው ራሱን ከተመታ በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ቀስ እያለ ሊፈስ፣ ምልክቱም ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭራሽ አይግጠም።

አራተኛ፣ ሁላችንም ጤና ጣቢያ ሄደን ግፊታችንን እንለካ። ደረቱን የጨነቀው ወይም ያዞረው ሰው ያኔውኑ ያቁም፤ «ያልፍልኛል» አይበል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አምስተኛ፣ በአንድ ልምምድና በሌላው መካከል አንድ ቀን እንረፍ።

ስድስተኛ፣ የተጎዳን ሰው ለማሸት አትቸኩሉ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አድርጋችሁ እግሩን ከፍ አድርጉለት፤ መርገጥ ካቃተው ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እናንተ ወጣቶችም፣ «ጋሼ ደከሙ እንዴ?» እያላችሁ አታስቁብን። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። አባት ሲመጣ ዳኝነቱን ስጡት፣ ስልቱን ጠይቁት።

እናቶች፣ ይህ ከተጠበቀ ክልከላው ይቅርልን ብዬ እለምናለሁ። እኔም ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ ወደ ሜዳው እመለሳለሁ፤ እልኼን ግን ቤት ትቼው ነው የምመጣው።