ጽሞናና ማስተዋል
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ልናገር ያሰብሁት ስለ ሁለት ነገሮች ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየሐኪም ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየመጽሔቱ ሁለቱ እንደ አንድ ተቆጥረው ሲነገሩ ይሰማል፤ አንደኛው ጽሞና፣ ሁለተኛው ማስተዋል ነው። ጽሞና የምለው ሰው ከሥራው ተለይቶ፣ ሰዓት ወስኖ ተቀምጦ ሐሳቡን የሚሰበስብበትን ልምምድ ነው። ማስተዋል የምለው ደግሞ የሚደረገውን ነገር በሚደረግበት ሰዓት ሳይቸኩሉና ሳይፈርዱ ልብ ማለትን ነው። ዘመዳሞች መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም።

እኔ ልዩነቱን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኀፍረት ነው። አንድ ምሽት ዜና ሳነብ፣ አንብቤ የጨረስሁትን ገጽ መልሼ አንሥቼ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርሁ፤ ሁለተኛውን አንቀጽ እስካጋምስ ድረስም አልታወቀኝም። አፌ ያነባል፣ ዓይኔ መስመሩን ይከተላል፤ ልቤ ግን ስለ ቤት ኪራይ ይከራከር ነበር። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዕለት ጧት ግማሽ ሰዓት ያህል በጽሞና ተቀምጬ ነበር። ለካስ ጽሞናዬን ከምንጣፉ ጋር ጠቅልዬ እቤት ትቼው ወጥቼ ኖሯል።

ወደ ቃላቱ ታሪክ እንመለስ። (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዛሬ ብዙ የሚወራለት ማስተዋል ምንጩ በቡድሃ ተከታዮች የፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» የሚባለው ቃል ነው። ይህን ቃል በ1881 ዓ.ም. ዛሬ በሚታወቅበት የእንግሊዝኛ ስም የተረጐመው ሪስ ዴቪድስ የሚባል ሊቅ ሲሆን፣ እሱም አስቀድሞ በሴሎን ደሴት የእንግሊዝ አስተዳደር ሠራተኛ ነበረ። ሳቲ በመሠረቱ ማስታወስ ማለት ነው። በአማርኛችንም ማስታወስና ማስተዋል ለጆሮ የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም፤ የሚያስተውል ሰው በምን ሥራ ላይ እንዳለ ያልዘነጋ ሰው ነውና። ለጽሞና የሚቀርበው የፓሊ ቃል ግን «ባቫና» ሲሆን ትርጉሙ ማልማት፣ ማሳደግ ነው። እንግዲህ አንዱ እርሻው፣ ሌላው ከእርሻው የሚገኘው ሰብል ነው ለማለት ይቻላል።

በዚያ እርሻ የሚዘራው ግን ማስተዋል ብቻ አይደለም። ለሰው ሁሉ በጎ መመኘትን የሚለማመዱበት ጽሞና አለ። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው የካርቱዚያን መነኩሴ ዳግማዊ ጊጎም ማንበብን፣ ማሰላሰልን፣ መጸለይንና ተመስጦን እንደ መሰላል አራት ደረጃዎች አድርጎ ጽፏል፤ በእሱ ዘንድ የሚያሰላስል ሰው ያነበበውን ቃል እያገላበጠ ይመረምራል እንጂ ሐሳቡ ሲመጣና ሲሄድ ዝም ብሎ አይመለከትም። በአንጻሩ ጆን ካባት ዚን በ1979 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕሙማን ባቋቋመው የስምንት ሳምንት ትምህርት፣ ተማሪው ተቀምጦ ከሚለማመደው ሌላ አንዲት ዘቢብ ይሰጠውና አይቶ፣ ዳስሶ፣ አሽትቶ፣ በዝግታ አላምጦ ይበላታል። ይህ ማስተዋል ነው፤ ዓይን መጨፈንም አላስፈለገውም።

ለመንግሥት ሠራተኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው የበርማው ኡ ባ ኪን ታሪክ ይመስለኛል። በ1899 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ሰው በሒሳብ መሥሪያ ቤት ከጸሐፊነት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ያደገ ነበረ። በ1937 ዓ.ም. መነኩሴ ካልሆነ፣ ገበሬ ከነበረ መምህር ዘንድ ሄዶ ጽሞናን ተማረ። አገሩ በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝ የመንግሥቱ ጠቅላይ ሒሳብ ሹም ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የሚማሩበትን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. በራንጉን የጽሞና ማእከል ከፈተ። ይሁን እንጂ መዝገቡን ዘግቶ ገዳም አልገባም፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በልዩ ልዩ የመንግሥት ኃላፊነት አገልግሏል።

በእሱ ትምህርት ተማሪው ለዐሥር ቀን ያህል ይቀመጣል። በመጀመሪያ ትንፋሹ በአፍንጫው ሲገባና ሲወጣ ይጠብቃል፤ ሐሳቡ ሲረጋም በሰውነቱ ላይ የሚሰማውን ሙቀት፣ ማሳከክ ወይም ሕመም ሳይሸሽና ሳይከተል ይመለከታል። ይህ ጽሞናው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መዝገቡ ይመለሳል፤ ማስተዋሉ የሚፈተነውም እዚያ ነው።

እስቲ የእኛን መስኮት እናስብ። አንዲት ባልቴት የጡረታ ጉዳይዋን ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ ትመጣለች። ጸሐፊው ቀና ሳይል «እናቴ፣ ነገ ይምጡ» ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቃሉ ከልቡ ቀድሞ ከአፉ ስለሚወጣ ነው። ደረቱ ላይ የሚነሣውን ትኩሳት በዚያች ቅጽበት ያወቀ ሰው ግን፣ ወረቀቷን አንድ ጊዜ ገልጦ የጐደለው ፊርማ ብቻ መሆኑን ለማየት ጊዜ ያገኛል። እሷም የአንድ ቀን መንገድና የአውቶቡስ ዋጋ ይተርፍላታል።

ይህን ስል ነገሩን ከመጠን በላይ ማሞገሴ እንዳይመስልብኝ። ኪስ አውላቂም አስተዋይ ነው፤ የሰውን እጅና ዓይን እንደ እሱ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህም ነው የቀድሞዎቹ መምህራን ትክክለኛውን ሳቲ ከተሳሳተው የለዩት። ደግሞም ሥራ የበዛበትን ሠራተኛ «ተቀመጥና ተንፍስ» ማለት የመዝገቡን ቁልል አያሳንስለትም፤ አለቃው ረዳት ይስጠው። ብርቱ ኀዘን ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም ረጅም ጽሞና ሊያውከው ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል።

እኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ ገጽ በገለበጥሁ ቁጥር ጣቴን በገጹ ቁጥር ላይ አሳርፌ አንድ ጊዜ እተነፍሳለሁ፤ ለአድማጭ አይሰማም። ይህን ንግግር ሳነብም አድርጌዋለሁ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ረስቼው ነበር።

ደኅና እደሩ።